ፊርማ ኃላፊነትን ያወርዳልን?

የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ሁሉ ከታላላቅ የታሪክ መድረኮች የሚፈልቁ አይደሉም። አንዳንዶቹ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ፣ ተራ በሚመስል ጉዳይ ተሸፍነው ይገኛሉ። አንድ ሰው ለሌላው ደኅንነት የመጠንቀቅ ግዴታ ሲኖርበት፣ ያ ሌላው ሰው ገና ጉዳት ሳይደርስበት ይህን ግዴታ በፊርማው ሊያነሣለት ይችላልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሕግ ባለሙያዎች ድርሻ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የፈቃድን፣ የቃልንና የኃላፊነትን ምንነት የሚነካ ስለሆነ፣ በኅብረተሰብ መካከል የሚኖር ማንም ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በተለምዶ ጂም የሚባለው የአሜሪካ የሰውነት ማጎልመሻ ቤት ነው። ወደዚህ ቤት በአባልነት ለመግባት የሚመጣ ሰው ከመግቢያው ጠረጴዛ ዘንድ አንድ ቅጽ ይቀርብለታል። በቅጹ ላይ ስሙን፣ አድራሻውንና ወርኃዊ ክፍያውን የሚመለከቱ ዐረፍተ ነገሮች ሰፍረዋል። ከእነዚህ በታች፣ ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል፣ ሌላ ቃል ይከተላል፤ ይኸውም አባሉ በቤቱ ውስጥ ጉዳት ቢደርስበት፣ ጉዳቱም በባለቤቱ ወይም በሠራተኞቹ ቸልተኝነት የመጣ እንኳ ቢሆን፣ ካሣ ላለመጠየቅ አስቀድሞ መስማማቱን የሚገልጽ ነው። ዛሬ ይህ ፊርማ ብዙ ጊዜ የሚፈረመው በብዕር ሳይሆን በመስታወት ሰሌዳ ላይ በጣት ነው። ፈራሚውም ሻንጣውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ፣ ወደ ውስጥ ለመግባት እየቸኮለ ይፈርማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው ፊርማ የተነገረ ይመስላል፤ ልዩነቱ ይህኛው በቀላሉ የማይፈታ መሆኑ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ከሚደርሱት አደጋዎች መካከል ተራ መስሎ የሚታየው፣ ነገር ግን ብዙ ክርክር የሚያስነሣው፣ ተንሸራቶ መውደቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመታጠቢያ የሚወጣው ሰው ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይሄዳል፤ ከመዋኛው ዳር ውሃ ይረጫል፤ በመሮጫ መሣሪያዎች ዙሪያ ላብ ይወርዳል። በለስላሳ ንጣፍ ላይ ስስ ውሃ ሲተኛ ተረከዝ ወለሉን መያዝ ይሳነዋል። ለወጣት ሰንበር ብቻ ትቶ የሚያልፈው አወዳደቅ ለአረጋዊ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብላቸው በአጠቃላይ የሚመረምሩት፣ ባለቤቱ አደገኛውን ሁናቴ ያውቅ እንደነበር፣ ባያውቅም ተገቢውን ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ ሊያውቀው ይችል እንደነበር ነው። ስለዚህም ውሃው ወለሉ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ወለሉ መቼ እንደተወለወለ፣ ማስጠንቀቂያ ቆሞ እንደነበር ይጠየቃል። ውሃው የፈሰሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት ከሆነ ባለቤቱን ጥፋተኛ ለማለት ያስቸግራል፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠራቀም የዋለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተፈረመው ወረቀት የተዘጋጀው ይህን ምርመራ ሁሉ ገና ሳይጀመር ለመዝጋት ነው።

ወረቀቱን የሚደግፈው ወገን የሚያቀርበው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ አዋቂ ሰው በራሱ ላይ የመወሰን ሥልጣን አለው፤ የፈረመውን አላነበብሁም፣ አላስተዋልሁም እያለ የሚያፈርስ ከሆነ በሰውና በሰው መካከል መተማመን አይኖርም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ ያደገ ሕዝብ ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰውነትን ማሠልጠን በባሕርዩ ከአደጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክብደት የሚያነሣ ሰው ጡንቻው ሊበጠስ፣ የሚሮጥ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሊዞር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኮኒ አይላንድ መዝናኛ ስፍራ፣ ሰውን እየጣለ ለማሳቅ በተሠራ ተንቀሳቃሽ ጨርቅ ላይ ወጥቶ የጉልበቱ ሎሚ የተሰበረ ወጣት ካሣ ጠይቆ ነበር። ዋናው ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ክሱን አልተቀበሉትም፤ ሌሎች ሲወድቁ እያየ፣ መውደቁንም እንደ ጨዋታ ፈልጎ የገባ ሰው በወደቀ ጊዜ ሌላውን ሊወቅስ አይገባም የሚል ነበር ሐሳባቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2068 ከዚህ የማይርቅ አቋም ይዟል፤ በስፖርት ጨዋታ ላይ አንዱ ሌላውን ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁናቴ መጣስ ከሌለበት በቀር፣ በኃላፊነት አይጠየቅም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ወለምታ ካሣ የሚከፈል ከሆነ የኢንሹራንስ ወጪ ይንራል፤ ወጪው ሲንር ክፍያው ይጨምራል፤ በዚህም የሚጎዳው ጤናውን ለመጠበቅ የሚፈልገው ባለ አነስተኛ ገቢ ነው ይባላል።

እነዚህ ሐሳቦች በየራሳቸው እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ነገር ሳይመረምሩ ያልፋሉ፤ ሰውየው የተቀበለው የትኛውን አደጋ ነው? በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አደጋዎች አሉ። አንደኛው ከእንቅስቃሴው ከራሱ የሚመነጭ ነው፤ የሚያነሣው ክብደት ስለሚከብድ፣ ልብ በፍጥነት ስለሚመታ፣ ጅማት ስለሚወጠር የሚመጣ ነው። ይህን አደጋ ሠሪው ራሱ ይመዝነዋል፤ ከበደኝ ብሎ ይተወዋል፤ ደፈር ብሎ ይጨምረዋል። ሁለተኛው ከቤቱ አያያዝ የሚመጣ ነው፤ የላላ ብሎን፣ ያልተወለወለ ወለል፣ የረገበ የደረጃ ንጣፍ ነው። ይህ የስፖርቱ አካል አይደለም። ማንም ሰው ጡንቻው እንዲጠነክር በረጠበ ደረጃ ላይ መውረድ አያስፈልገውም።

የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች የሰጧቸው ሁለት ውሳኔዎች ይህን ልዩነት ያጐሉታል። በመጀመሪያው ጉዳይ አንዲት ሴት በአባልነት በተመዘገበችበት በዚያው ዕለት በቆመ ብስክሌት የሚሠራ የስፖርት ትምህርት ላይ ትሳተፋለች። በመሣሪያው ላይ ተነሥታ ስትቆም እጀታው ከቦታው ይወልቃል፤ እግሮቿ ከመርገጫው ጋር እንደታሰሩ ትወድቃለች። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ፊርማዋን አጸናባት፤ ወረቀቱ ከተራ ቸልተኝነት እንጂ ከከባድ ጥፋት እንደማያድን ግን አመለከተ። ከዳኞቹ መካከልም በተለየ ሐሳብ የቆሙ ነበሩ። በሁለተኛው ጉዳይ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቤት ውስጥ አንድ አባል ወደ መዋኛው በሚወስደው ደረጃ ላይ አንሸራቶት ይወድቃል። እርሱም ተመሳሳይ ወረቀት ፈርሞ ነበር። የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ወረቀቱ ይህን ሊሸፍን አይችልም አለ። በደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ከስፖርት ባሕርይ ጋር የተለየ ግንኙነት የለውም፤ በሱቅም፣ በቢሮም፣ በሆቴልም ያለ ነው። ወረቀቱ ይህን ሁሉ የሚያነሣ ከሆነ ባለቤት ለእንግዳው ያለበት የጥንቃቄ ግዴታ ከነጭራሹ ይጠፋል።

ሁለተኛው ውሳኔ ለሥነ ምግባር ጥያቄው ቁልፍ የሚሰጥ ነው። ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ ይሆን ዘንድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ዕውቀት፣ ምርጫና ሥልጣን ናቸው። ዕውቀት ሲባል ሰውየው የሚቀበለውን ነገር ማወቁ ነው። በጥር ወር የፈረመ ሰው በሰኔ ወር የመታጠቢያው ቧንቧ እንደሚያፈስና ጠጋኝ እንደማይጠራለት ሊያውቅ አይችልም። ምርጫ ሲባል ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የዊስኮንሲን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተመለከተው ጉዳይ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። አንዲት ሴት ለሕክምና ማገገሚያ ወደ አንድ የመዋኛና የስፖርት ቤት ሄዳ ሰጥማ ሞተች። የፈረመችው አንዲት የእንግዳ መመዝገቢያ ካርድ ነበረች፤ በዚያች ካርድ ላይ አንዱ ፊርማ ለመመዝገቢያውም ለመብት መልቀቂያውም ያገለግል ነበር። ፍርድ ቤቱ ቃሉ ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑን፣ የመልቀቂያው ክፍል ጎልቶ አለመታየቱን፣ ለመደራደርም ዕድል አለመኖሩን ዘርዝሮ ወረቀቱን ውድቅ አደረገው። መደራደር በሌለበት፣ «ፈርም ወይም ተመለስ» በሚባልበት ስፍራ፣ ፊርማ የመስማማት ምልክት ከመሆን ይልቅ የመግቢያ ትኬት ይሆናል።

ከሦስቱ የሚበልጠው ግን ሥልጣን ነው። የመወልወያው ዱላ በማን እጅ ነው? የቧንቧው መዝጊያ፣ የጥገናው በጀት፣ የሠራተኞች ብዛት የሚወሰነው በማን ነው? ለአንድ ሰፊ ቤት በማታው ተራ አንድ ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ይመደብ ብሎ የሚወስን ባለቤት የአደጋውን መጠን ራሱ እየወሰነ ነው። አባሉ ከዚህ ውሳኔ ላይ ምንም ድርሻ የለውም። ስለዚህ ኃላፊነትን ከሚችለው ሰው አንሥቶ ከማይችለው ሰው ላይ መጫን አደጋውን አይቀንሰውም፤ ጉዳቱን የሚሸከመውን ሰው ብቻ ይለውጣል። እንዲያውም ባለቤቱ እንዲጠነቀቅ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱን ያስወግድለታል። ፊርማ ወለል አያደርቅም፤ ማድረቅ የሚገባውን ሰው ግን ሊያሰንፈው ይችላል።

«ፈቅዶ ነው የገባው» የሚለው ክርክር የራሱ ታሪክ ያለው መሆኑንም ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1842 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ አንድ የባቡር ነጂ ሌላ የኩባንያው ሠራተኛ ሐዲድ በማቀያየር ላይ በሠራው ስሕተት ምክንያት እጁን አጣ። ዋናው ዳኛ ለሙኤል ሾው ክሱን ውድቅ ያደረጉት፣ ሠራተኛው ሥራውን ሲቀበል አደጋውንም ተቀብሏል፤ የተሻለ ደመወዝ የተከፈለውም ለዚሁ ነው በማለት ነበር። ይህ አስተሳሰብ በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነገሠ። ሠራተኛው በወረቀት ላይ ነፃ ተዋዋይ ነበር፤ በእውን ግን የባቡሩን ፍሬንም ሆነ የሐዲዱን ማቀያየሪያ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። በመጨረሻም የሠራተኞች ካሣ ሕጎች በየግዛቱ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ለባቡር ሠራተኞች ይህን የ«ተቀብሏል» መከላከያ ጨርሶ አስቀረው። በፋብሪካው በር የተባረረው ክርክር በስፖርት ቤቱ በር ተመልሶ መግባቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የሕጉ መልስ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ይበቃል። በወንዙ ደቡብ ባለችው በቨርጂኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. በባቡር ለሞተ አንድ ድንጋይ ፈላጭ በቀረበ ክስ፣ ሰው በሌላው ቸልተኝነት ለሚደርስበት የአካል ጉዳት አስቀድሞ መብቱን የሚለቅበትን ውል ዋጋ የሌለው አድርጎታል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም.፣ በስፖርት ውድድር ላይ ወደ ሐይቅ ዘልሎ አካሉ ሽባ ለሆነ ሰው ይህንኑ አቋም አጸና። በሰሜን ባለችው በሜሪላንድ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በአንድ የስፖርት ቤት በተደረገላት የአቅም ፈተና ትከሻዋን የተጎዳች ሴት የፈረመችውን ወረቀት አጽንቶ ክሷን አልተቀበለም። በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የአንድ ሰው እጅ በአንድ ብዕር የጻፈው ፊርማ ድልድይ ሲሻገር ዋጋው የሚለወጥ ከሆነ፣ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በሕጉ ብቻ ያልተዘጋ መሆኑ ግልጽ ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ክፍያ በሚጠየቅባቸው የስፖርትና የመዋኛ ስፍራዎች ባለቤትን ከቸልተኝነት ተጠያቂነት የሚያድን ውልን ውድቅ አድርጋለች። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በቸልተኝነት ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት ነጋዴ በውል ራሱን ነፃ ሊያደርግ እንደማይችል ደነገገች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣው የተጠቃሚዎች መብት ሕግም ይህንኑ ቀጥሎበታል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደ ነገር ይነሣል። ወረቀቱ በሕግ ዋጋ በማይኖረው ስፍራም እንኳ ከመግቢያው ጠረጴዛ አልጠፋም። ውድቅ የሆነ ወረቀት ለምን ይፈረማል? መልሱ ቀላል ነው፤ ፍርድ ቤቱን ባያስርም ፈራሚውን ያስራል። ሕጉን የሚያውቅ፣ ጠበቃ የሚቀጥር፣ በቃሉ መታሰር ግድ የማይሰጠው ሰው ወረቀቱን ንቆ ክሱን ያቀርባል። ቃሉን የሚያከብረው ሰው ግን በተሰበረ እጁ ቤቱ ተቀምጦ «ፈርሜያለሁ፤ ምን እላለሁ?» ብሎ ዝም ይላል። ቋንቋውን በቅጡ ያልለመደው ስደተኛ፣ ከመንግሥት ቢሮ ርቆ መኖርን የመረጠ ሠራተኛ፣ ፊርማን እንደ መሐላ የሚያይ ሽማግሌ ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። እንግዲህ ወረቀቱ በሰው ታማኝነት ላይ የቆመ ወጥመድ ይሆናል ማለት ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው በቃል ጠባቂነቱ ይቀጣል። ስለ ቃል መከበር በተነሣ ክርክር የተጀመረው ነገር ቃልን በማርከስ ይደመደማል።

በአንፃሩ፣ ተጎጂ ምንም ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ቆሞ እያየ እየሮጠ የሚያልፍ ሰው የድርሻውን መውሰድ አለበት። ያልደረሰበትን ጉዳት ደረሰብኝ የሚልም አይጠፋም፤ ይህን የሚለየው ማስረጃና ምስክር ነው እንጂ ሁሉን በአንድነት የሚዘጋ ወረቀት አይደለም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጥፋቱ በሁለቱ መካከል በመጠኑ ይከፋፈላል። በዚሁ በፖቶማክ ዳርቻ ግን፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም፣ ተጎጂው ጥቂት ጥፋት እንኳ ከተገኘበት ካሣውን በሙሉ የሚያሳጣ የቆየ ደንብ ነበር፤ የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ይህን ደንብ ለመለወጥ ሳይፈቅድ ቀርቷል። ይህም ከሌላው ጽንፍ የተወረወረ ኢፍትሐዊነት ነው፤ የአንዱ ትንሽ ስሕተት የሌላውን ትልቅ ስሕተት ሊያጥበው አይገባምና። በዚህ መካከል ጥፋቱን በጽዳት ሠራተኛው ላይ ለማላከክ የሚደረገው ሙከራም ሊታለፍ አይገባም። አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚሆነው፣ የሥራውን ሁናቴ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ሐቀኛ ወረቀት ምን ዓይነት ነው? በማስጠንቀቂያና በመልቀቂያ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያከብር ነው። ማስጠንቀቂያ ለአባሉ ዕውቀት ይሰጠዋል፤ የልብ ሕመም ካለብህ ሐኪም አማክር፣ ይህ መሣሪያ እንዲህ ሲሆን ይጎዳል፣ በመዋኛው ዳር አትሩጥ ይለዋል። በዚህም ጥንቃቄ ይጨምራል። ከእንቅስቃሴው የማይለየውን አደጋ አባሉ ዐውቆ እንዲቀበል መጠየቅም አግባብ ነው። መልቀቂያው ግን ዕውቀት አይሰጥም፤ መብት ይወስዳል። ጥንቃቄን አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ዓ.ም. ስለ ነፃነት በጻፉት መጽሐፍ፣ ሰው በነፃነቱ ተጠቅሞ ራሱን ለባርነት ሊሸጥ እንደማይችል ተከራክረዋል፤ ነፃነት ራሷን ለማጥፋት አትሠራምና። የሰውነት ማጎልመሻ ቤት ወረቀት ከባርነት ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ መሠረተ ሐሳቡ ግን ይነካዋል፤ የመፍቀድ መብት ሰውን እንዲጠብቅ የተሰጠ እንጂ ሌላው ስለ እርሱ ግድ እንዳይኖረው የሚያስችል መሣሪያ አይደለም።

በኢትዮጵያ ከተሞችም የሰውነት ማጎልመሻ ቤቶች እየበዙ በመሄዳቸው ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዝዛል፤ በቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የተዘጋጀ ቅጽ ከውጭ ቀድቶ ማቅረብ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ከቅጹ ጋር የሚመጣውን አስተሳሰብ መመርመር ነው። ቅጹ ከመታተሙ በፊት ጥያቄው ሊቀድም ይገባል።

በአጠቃላይ፣ ሰው በፊርማው ሊያሳልፍ የሚችለው በራሱ እጅ ያለውን ነው። የራሱን ድፍረት፣ የራሱን ድካም፣ ዐውቆ የመረጠውን አደጋ ሊቀበል ይችላል፤ ለተቀበለውም ቃሉን መጠበቅ ይገባዋል። በሌላው እጅ ያለውን ግዴታ ግን ከዚያ እጅ ሊያነሣው አይችልም፤ የመወልወያው ዱላ ያለው ከዚያ ዘንድ ነውና። ቤቱን የከፈተ፣ ገንዘቡን የተቀበለ፣ በሩን ለሰው ክፍት ያደረገ ባለቤት ወለሉን የማየት ግዴታው ከሰውየው ፊርማ በፊት የነበረ ነው፤ ከፊርማውም በኋላ አብሮት ይኖራል።